ሕዋስን ያስነበበ ቀለም

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ በቆላው አገር ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪው በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ለሰው አይበቃም። ዝናቡ ሲያባራ በየጉድጓዱ የቀረው ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፍላል፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ትኩሳት የያዘው፣ ብርድ ብርድ ያለው፣ ራሱን የሚፈልጠው ሁሉ መጀመሪያ የሚላከው ወደዚህች ጠባብ ክፍል ነው። በእጁ በያዘው ወረቀት ላይ ሐኪሙ «ቢኤፍ» ብሎ ጽፎበታል። ደሙ በስላይድ ላይ ተቀብቶ ይታይ ማለት ነው።

ባለሙያው ጓንቱን አጥልቆ የአንዲት እናት ጣት በአልኮል ይጠርጋል፤ በላንሴት ወጋ ያደርጋል፤ የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ አንስቶ ቀጣዮቹን ስላይድ ላይ ያሳርፋል። አንዷን በሌላ ስላይድ ጥግ አዙሮ አዙሮ ወፍራም ክብ ያደርጋታል። ሌላዋን በስላይድ ጠርዝ ወደፊት ገፍቶ ስስ አድርጎ ይዘረጋታል። ከዚያ ይጠብቃል። ደሙ ሲደርቅ ስሱን ወገን ብቻ ሜታኖል ያስነካዋል፤ እንደገና ይጠብቃል። በመጨረሻም ወደ ሐምራዊ የሚወስደው ሰማያዊ ፈሳሽ ያፈስበትና ሰዓቱን ያያል።

«ልጄ፣ ደሙን ከወሰድክ ቆየህ እኮ። ለምን አታየውም?»

«ትንሽ ይታገሱኝ እማማ፤ ቀለሙ እስኪይዝ ነው።»

«የምን ቀለም? ደም ራሱ ቀይ አይደል?»

ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። ደም ቀይ ከሆነ፣ ማይክሮስኮፑም አንድ ሺህ ጊዜ የሚያጎላ ከሆነ፣ ሌላ ቀለም ምን ሊሠራ ነው? መልሱን ፍለጋ መሄድ የዘመናዊ ሕክምናን ታሪክ እኩሌታ ማገላበጥ ነው። የወባ ተሕዋሲ፣ የቲቢ ባክቴሪያ፣ የካንሰር ሕዋስ፣ የአንጎል ነርቭ፣ እነዚህ ሁሉ በወጉ የታወቁት ቀለም ከነካቸው በኋላ ነው።

ማጉላት አንድ፣ መለየት ሌላ

ደም ቀይ የሚመስለን ብዙ ሆኖ ስናየው ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ለብቻው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀይነቱ ይጠፋና ቢጫ ቢጤ ፈዛዛ ክብ ይሆናል። ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ሰባት ወይም ስምንት ሺኛ ብቻ ነው። በውስጡ የታጨቀው ሄሞግሎቢን ብርሃን ቢውጥም፣ በዚያች ቅጥነት የሚውጠው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ እንግዲህ የራሱ ቀለም ያለው ሕዋስ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ፣ የጉንጭ ሕዋስ ወይም ባክቴሪያ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ቀለም የላቸውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሕዋስ ክብደት 70 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። የቀረው ፕሮቲን፣ ቅባት፣ ስኳርና እንደ ዲኤንኤ ያለ ኑክሊክ አሲድ ሲሆን፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን ሳይነኩ ያሳልፉታል። ዓይን አንዱን ነገር ከሌላው የሚለየው በድምቀቱና በቀለሙ ነው። ብርሃኑ በሕዋሱ አልፎ እንደገባው ከወጣ ዓይን የሚይዘው ነገር አያገኝም። የሕዋሱ ክፍሎች ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠንም የተቀራረበ ስለሆነ የአንዱ ድንበር ከሌላው አይለይም። በነጭ ነጠላ ላይ በነጭ ክር የተጠለፈ ጥልፍ ከሩቅ አይታይም፤ ቀርበው ቢያዩትም ነጭ በነጭ ነው። ማይክሮስኮፕም እንዲሁ ያቀርባል እንጂ ክሩን አይነክርም።

ያለ ቀለም የሚታይ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1880 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአልጄሪያ ቆስጠንጢን ከተማ የነበረው ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም ሻርል አልፎንስ ላቬራን፣ የወባ ተሕዋሲን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ምንም ባልተቀለመ ትኩስ ደም ውስጥ ነው። የረዱት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው እንቅስቃሴ ነው፤ ከተሕዋሲው የወጡ ቀጫጭን ክሮች ሲርገበገቡ ተመለከተ። ሁለተኛው ተሕዋሲው ራሱ የሠራው ቀለም ነው። የወባ ተሕዋሲ ሄሞግሎቢንን ሲመገብ የማይፈጨውን ብረት አዘል ትርፍ ጥቁር ቡናማ ቅንጣት አድርጎ በሰውነቱ ያከማቻል። ላቬራንን ወደ ተሕዋሲው የመራው ይህ ቅንጣት ነበር።

ሆኖም ብዙ ሊቃውንት ለዓመታት አላመኑትም። ተሕዋሲው በአፍላ ዕድሜው፣ ገና ያን ቅንጣት ሳያከማች፣ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ እንዳለ የማይታወቅ ትንሽ ነጥብ ነው። በትኩሳት የሚማቅቅ ሰው ደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው አፍላ ተሕዋሲ ነው። ላቬራን በ1907 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ጥርጣሬው ካበቃ ቆይቶ ነበር፤ በመካከሉም ቀለም ሥራውን ሠርቷል።

ቀለሙ ማን ዘንድ እንደሚሄድ እንዴት ያውቃል?

ቀለም ሁሉንም እኩል ቢያቀልም ኖሮ አይጠቅምም ነበር፤ የማይታየው ነገር ወጥ ሰማያዊ ከመሆን በቀር ምንም አይጨምርም። ጥቅሙ መምረጡ ላይ ነው። የሚመርጠው ደግሞ በኬሚስትሪ ሕግ ነው።

በሕዋስ አስኳል ውስጥ የተጠቀለለው ዲኤንኤ ከዳር እስከ ዳር ፎስፌት አለበት፤ ፎስፌቱ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ደግሞ አዎንታዊ ሙል አለው። ሁለቱ ይሳሳባሉ፤ ስለዚህ አስኳሉ ሰማያዊ ይሆናል። ኢኦሲን የተባለው ሮዝ ቀለም በተቃራኒው አሉታዊ ሙል ስላለው አዎንታዊ ሙል ወዳለባቸው ፕሮቲኖች ይሄዳል፤ ሄሞግሎቢን ከእነዚህ አንዱ ነው። ሁለቱን ቀለሞች ለአንድ ስላይድ መስጠት ማለት «አሲዳማው የቱ ነው? ቤዛማውስ የቱ ነው?» ብሎ ሕዋሱን መጠየቅ ነው። መልሱ በቀለም ይመጣል።

በ1891 በሴንት ፒተርስበርግ የነበረው ዲሚትሪ ሮማኖቭስኪ ያረጀ ሜቲሊን ብሉ ከኢኦሲን ጋር ቀላቅሎ የወባ ሕመምተኞችን ደም ሲያቀልም ያልተጠበቀ ነገር ታየ። የተሕዋሲው አስኳል ሰማያዊም ሮዝም ሳይሆን ወደ ቀይ የሚያደላ ሐምራዊ ሆነ። ምክንያቱ የኋላ ኋላ ታወቀ። ሜቲሊን ብሉ ሲያረጅ ከፊሉ አዙር ወደሚባሉ ሌሎች ቀለሞች ይለወጣል፤ ከእነዚህ አዙር ቢ ከዲኤንኤና ከኢኦሲን ጋር ሲገናኝ ያንን ሦስተኛ ቀለም ያወጣል። ችግሩ ያረጀ ቀለም አንድ ጊዜ ሠርቶ ሌላ ጊዜ እምቢ ማለቱ ነበር። ጉስታቭ ጊምሳ የተባለ የሐምቡርግ ኬሚስት ቅይጡን በልክ አበጅቶ፣ በግሊሰሪንና በሜታኖል አሟምቶ፣ ሳይበላሽ የሚቀመጥ አደረገው። በ1904 ያሳተመው ቀመር ዛሬ በየጤና ጣቢያው በጨለማ ቀለም ጠርሙስ የሚቀመጠው ጊምሳ ነው።

በጊምሳ የተቀለመ የወባ ስላይድ ያየ ሰው ልዩነቱን አይረሳውም። ተሕዋሲው በሮዝ ሕዋስ ውስጥ ያለ ሰማያዊ ቀለበት ነው፤ በቀለበቱ ላይ ቀይ ነጥብ ጉብ ብላለች። ሰማያዊው ሳይቶፕላዝሙ፣ ቀይዋ ነጥብ አስኳሉ ናት። ያለ ቀለም ዓይን የሚስተው ነገር በቀለም ቅርጽ፣ ዕድሜና ዝርያ ያገኛል።

ከኩዊኒን ፍለጋ የመጣ ቀለም

ሕዋስን ማቅለም ከፋብሪካ ቀለም በፊትም ነበር። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጡንቻ ክሮችን በሳፍሮን ነክሮ አይቷል። በ1858 ጀርመናዊው ዮሴፍ ፎን ጌርላኽ የአንጎል ቁራጭን በካርሚን አቀለመ፤ ካርሚን በሜክሲኮ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ነፍሳት የሚወጣ ቀይ ነው። ጌርላኽ እንዳስተዋለው፣ በቀጭን ቀለም ውስጥ ለረጅም ሰዓት የቆየ ቁራጭ በወፍራም ቀለም ቶሎ ከተነከረው ይልቅ ክፍሎቹን ለይቶ ያሳያል። ዛሬም የላቦራቶሪ ባለሙያ ጊዜ ካለው ቀጭኑን ጊምሳ መርጦ ስላይዱን ለረጅም ደቂቃ ይተወዋል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከወባ ጋር ተያይዞ ነው። በ1856 የፋሲካ ዕረፍት ላይ ዊሊያም ሄንሪ ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ተማሪ፣ ለንደን በሚገኘው የቤቱ ትንሽ ላቦራቶሪ ኩዊኒን ለመሥራት ይሞክር ነበር። በዚያን ዘመን የወባ መድኃኒት የነበረው ኩዊኒን የሚገኘው ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ብቻ ነበርና ውድ ነበር። ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የወጣ አኒሊን ይዞ ያገኘው ጥቁር ዝቃጭ ነው። ዕቃውን በአልኮል ሊያጥብ ሲል ዝቃጩ ደማቅ ሐምራዊ ሆኖ ሟሟ። ሞቭ የተባለው ይህ ቀለም ለሐር ማቅለሚያ ገበያ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የጀርመን ፋብሪካዎች በቀለም ላይ ቀለም ያወጡ ጀመር። ሜቲሊን ብሉ በ1876 የመጣው ከዚሁ ኢንዱስትሪ ነው።

ቀለሞቹ የተሠሩት ለጨርቅ ነበር። ወደ ሰውነት ሕዋስ ከወሰዷቸው ሰዎች ዋነኛው ፓውል ኤርሊክ ነው። በ1878 በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ ሕዋስ ማቅለም ንድፈ ሐሳብ ነበር። ነጭ የደም ሕዋሳትን በሚወስዱት ቀለም ለየ፤ ኢኦሲን የሚወስዱት፣ ቤዛማ ቀለም የሚወስዱት፣ ሁለቱንም በመጠኑ የሚወስዱት ብሎ። ዛሬ ሆስፒታል ሄዶ የደም ምርመራ ያደረገ ሰው ወረቀቱ ላይ ኢኦሲኖፊል፣ ባዞፊልና ኒውትሮፊል የሚሉ መስመሮችን ያያል። ቁጥሩን የሚያወጣው አሁን ማሽን ቢሆንም ክፍፍሉ የኤርሊክ ነው።

ኤርሊክ ከዚያ አንድ እርምጃ ተራመደ። ቀለም ተሕዋሲውን ከሰው ሕዋስ ለይቶ የሚይዝ ከሆነ፣ ተሕዋሲውን ለይቶ ሊገድለውስ አይችልም? በ1891 ከፓውል ጉትማን ጋር በበርሊን ሁለት የወባ ሕመምተኞችን በሜቲሊን ብሉ አከመ፤ ሁለቱም ተሻላቸው። በ1920ዎቹ የጀርመን ኬሚስቶች የሜቲሊን ብሉን ሞለኪውል መነሻ አድርገው ፓማኩዊን የተባለ መድኃኒት ሠሩ፤ ከእርሱም ፕሪማኩዊን ተገኘ። ፕሪማኩዊን ዛሬ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚሰጥ የወባ መድኃኒት ነው። የወባ መድኃኒት ሲፈለግ ቀለም ተገኘ፤ ቀለሙ ወባን አሳየ፤ ከቀለሙም የወባ መድኃኒት ወጣ።

ውሃው ሲበላሽ ምርመራው ይበላሻል

ማቅለም በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው እጅ ላይ ነው። ወፍራሙ የደም ሽፋን ሜታኖል አይነካውም፤ ምክንያቱም ሜታኖል ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዳሉ ያደርቃቸዋል። ሜታኖል ያልነካቸው ሕዋሳት ግን ውሃ ያለበት ጊምሳ ሲፈስባቸው ይፈነዳሉ፤ ሄሞግሎቢኑ ታጥቦ ይሄድና ተሕዋሲዎቹና ነጭ የደም ሕዋሳቱ ብቻ ይቀራሉ። በዚህ ዘዴ በአንድ እይታ ከስሱ ይልቅ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ደም ይፈተሻል፤ ወባ አለ ወይስ የለም የሚለው እዚህ ላይ ይመለሳል። የትኛው ወባ ነው የሚለውን የሚመልሰው ስሱ ሽፋን ነው፤ እዚያ ቀይ ሕዋሱ ቅርጹን ስላልለቀቀ ተሕዋሲው ከነቤቱ ይታያል።

ጊምሳው የሚቀጠንበት ውሃ ፒኤች 7.2 እንዲሆን ይመከራል። ይህች ቁጥር ትንሽ ትመስላለች። ውሃው ወደ አሲድ ካደላ የተሕዋሲው ሰማያዊ ይደበዝዛል፤ ወደ አልካሊ ካደላ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዝርያ መለየት ነው። ቫይቫክስ የገባበት ቀይ ሕዋስ ያብጣል፤ በላዩም ሹፍነር ነጠብጣብ የሚባሉ ደቃቅ ሮዝ ነጥቦች ይወጡበታል። ፒኤቹ ከተዛባ ነጠብጣቦቹ ላይወጡ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ሁለቱም ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ፣ አሉ፤ ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ ከደሙ በተጨማሪ ጉበቱን የሚያጸዳ ፕሪማኩዊን ያስፈልገዋል። ዝርያው በስህተት ከተነበበ ሕመምተኛው ዛሬ ድኖ ነገ በዚያው በሽታ ይመለሳል። መነሻው አንዳንድ ጊዜ የቀለሙ ውሃ ነው።

ሌላም ጠንቅ አለ። ያልተጣራ ጊምሳ ደቃቅ ዝቃጭ ይጥላል፤ ዝቃጩ ሐምራዊ ነው፤ ላልለመደ ዓይን ተሕዋሲ ይመስላል። በቀይ ሕዋስ ላይ ያረፈች አርጊ ሕዋስም እንዲሁ ታታልላለች። ተቀጥኖ ያደረ ጊምሳ ደግሞ ኃይሉን ስለሚያጣ በየዕለቱ አዲስ መቀጠን አለበት። ባለሙያው «የለም» ብሎ ከመጻፉ በፊት በወፍራሙ ሽፋን ላይ ቢያንስ 100 እይታ ማየት ይጠበቅበታል። ካለ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን እየቆጠረ ከጎናቸው ያሉትን ተሕዋሲዎች ይቆጥራል፤ ከዚያም በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ስንት እንዳሉ ያሰላል። ሌላውን ሕመምተኛ ወረፋ የሚያስጠብቀው ይህ ሁሉ ነው።

አንዱን ቀለም አጥቦ ሌላውን መተው

በዚያው ላቦራቶሪ ሌላ ጥግ አክታ ይቀለማል። የቲቢ ባክቴሪያ ከሌሎቹ የሚለየው ግድግዳው በሰም መሰል ቅባት የተሸፈነ በመሆኑ ነው፤ ተራ ቀለም ዘልቆ አይገባውም። ሮበርት ኮህ መጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን ባክቴሪያውን ሲያስታውቅ፣ ስላይዶቹን በሜቲሊን ብሉና በአልካሊ ውስጥ ለአንድ ቀን ያህል ማቆየት ነበረበት። ኤርሊክ በዚያ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የተሻለ ዘዴ አመጣ። ፍራንስ ሲልና ፍሪድሪክ ኔልሰን ተከታትለው ያሻሻሉት ዘዴ በሁለቱ ስም ይጠራል።

አሠራሩ የባክቴሪያውን ጥንካሬ በራሱ ላይ ያዞረዋል። ፌኖል ያለበት ቀይ ፉክሲን ስላይዱ ላይ ይፈስና እንፋሎት እስኪያወጣ ከታች ይሞቃል፤ ሙቀቱ ሰሙን አላልቶ ቀለሙን ያስገባል። ሲቀዘቅዝ አሲድ ያለበት አልኮል ይፈስበታል። ከሌላው ነገር ሁሉ ቀዩ ታጥቦ ይወጣል፤ ሰም ከለበሰው ባክቴሪያ ግን አይወጣም። በመጨረሻ የሚጨመረው ሜቲሊን ብሉ የታጠበውን ሁሉ ሰማያዊ ያደርገዋል። በሰማያዊው መካከል ቀይ ቀጭን ዘንግ ከታየ በአብዛኛው ቲቢ ነው። ኤርሊክ ራሱ ከዓመታት በኋላ በገዛ አክታው ውስጥ ባክቴሪያውን አገኘና ለመታከም ወደ ግብፅ ሄዷል።

ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 በበርሊን ያሳተመው ዘዴም ከዚሁ ሐሳብ ይነሳል። በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን ሳንባ ሲመረምር ባክቴሪያውን ከሳንባው ሕዋሳት ለይቶ ማየት ፈለገ። በአፍ ቁስል ላይ ስለሚቀባ ብዙ እናቶች የሚያውቁትን ጄንሺያን ቫዮሌት ቀባ፤ አዮዲን ጨመረ፤ በአልኮል አጠበ። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ሐምራዊውን ያዙ፤ ሌሎቹ ለቀቁት። ምክንያቱ የግድግዳቸው ውፍረት ነው። ዛሬም የማጅራት ገትር የተጠረጠረበት ሰው የጀርባ ፈሳሽ ሲቀዳ በቅድሚያ ከሚሠሩት ምርመራዎች አንዱ የግራም ማቅለም ነው፤ ሐኪሙ የባክቴሪያው ካልቸር እስኪደርስ ሳይጠብቅ በየትኛው መድኃኒት እንደሚጀምር ይመራዋል።

ማቅለም ማለት ለካ አለማቅለምም ነው። ይህን ከማንም ይልቅ ያሳየው ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ነው። በ1873 አቢያቴግራሶ በተባለች ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ሲሠራ፣ የአንጎል ቁራጭን በፖታሲየም ዳይክሮሜትና በብር ናይትሬት ነክሮ ነርቮችን አጠቆረ። የዘዴው ታላቅነት ሁሉንም ነርቮች አለመንካቱ ነበር። አንጎል ውስጥ ነርቮቹ እጅግ ስለተጠላለፉ ሁሉም ቢጠቁሩ ስላይዱ ጥቁር ሆኖ ይቀር ነበር። የጎልጂ ብር ከብዙዎቹ ጥቂቶቹን ብቻ ከነቅርንጫፋቸው ያጠቁራል። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በዚሁ ዘዴ ነርቮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ሕዋሳት መሆናቸውን አስረዳ። ጎልጂ ግን አልተቀበለውም። በ1906 የኖቤልን ሽልማት የተካፈሉት ሳይስማሙ ነው፤ ጊዜ ለካሃል ፈረደለት።

ሐምራዊና ሮዝ

ከሰውነት ተቆርጦ የተወሰደ ሥጋ ለካንሰር ሲመረመርም መንገዱ ይኸው ነው፤ ይረዝማል እንጂ። ቁራጩ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ይቀመጣል፤ ውሃው በአልኮል ይወጣል፤ በፓራፊን ሰም ይሞላል፤ ከሦስት እስከ አምስት ሺኛ ሚሊሜትር በሚደርስ ቅጥነት ይቆረጣል። ከዚያ ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ይቀባል። ሄማቶክሲሊን በመካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ግንድ የሚወጣ ነው፤ ከአሉም ጋር ሲዋሐድ አዎንታዊ ሙል ያገኝና አስኳሉን ሰማያዊ ሐምራዊ ያደርጋል። ኢኦሲን የቀረውን ሮዝ ያደርጋል።

ፓቶሎጂስቱ የሚያነበው በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ነው። አስኳሉ ከልኩ በላይ ተለቅ ብሏል? ከሚገባው በላይ ጠቁሯል? የሚከፋፈሉት ሕዋሳት በዝተዋል? የሕብረ ሕዋሱ ረድፍ ተዛብቷል? የካንሰር ሕዋስ ብዙ ጊዜ ከልኩ የበለጠ ዲኤንኤ ስለሚይዝ ሄማቶክሲሊኑን አብዝቶ ይወስዳል። የባዮፕሲ ውጤት ቀናት የሚወስድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ውሃን የማውጣት፣ ሰም የማስገባት፣ የመቁረጥና የማቅለም ተራ ነው።

በመጽሐፍና በቴሌቪዥን የምናያቸው የሕዋስ ሥዕሎች ሐምራዊና ሮዝ የሆኑትም ከዚህ የተነሳ ነው። ቀለሙ የሕዋሱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሕዋሱም ሞቷል፤ ሜታኖልና ፎርማሊን ያለበት ቦታ ላይ አድርቀው አስቀርተውታል። በሕይወት ያለ ሕዋስን ሳይገድሉ ለማየት ሌላ መንገድ ተፈልጓል። ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዘርኒከ ብርሃን በሕዋስ ሲያልፍ የሚያጋጥመውን ትንሽ መዘግየት ወደ ብርሃንና ጥላ የሚለውጥ ማይክሮስኮፕ ፈጥሮ በ1953 ኖቤል አግኝቷል። በ2008 ደግሞ የኬሚስትሪው ኖቤል ከጄሊፊሽ ለተገኘው አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ተሰጠ፤ ተመራማሪዎች የፕሮቲኑን ዘረ መል ሕዋስ ውስጥ እያስገቡ ሕዋሱ ራሱን በራሱ እንዲያበራ ያደርጋሉ። እነዚህ ግን በአብዛኛው የምርምር ተቋም መሣሪያዎች ናቸው። የጤና ጣቢያው ጥያቄ አሁንም የሚመለሰው ከጠርሙስ በሚቀዳ ቀለም ነው።

ፈጣን ምርመራ ባለበት ዘመን

«አሁን እኮ በ15 ደቂቃ የሚያሳውቅ የወባ መመርመሪያ አለ፤ ቀለም ለምን?» የሚል ይኖራል። ፈጣኑ መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ በሌለበት የጤና ኬላ ብዙ ሕይወት የሚያድን ነው። ነገር ግን ፋልሲፓረምን የሚለየው በአብዛኛው ኤችአርፒ2 የተባለ አንድ ፕሮቲን ፈልጎ ነው። በኤርትራና በኢትዮጵያ የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል የጎደላቸው ተሕዋሲዎች ተገኝተዋል፤ በኢትዮጵያ ስለ መስፋፋታቸው የተሠራ ጥናትም በ2021 ታትሟል። እንዲህ ያለ ተሕዋሲ የያዘው ሰው በዚያ መመርመሪያ «የለብህም» ሊባል ይችላል። ጊምሳ ግን አንድን ፕሮቲን አይጠብቅም፤ ተሕዋሲው አስኳል እስካለው ድረስ ይቀለማል።

ቀለም የተቀባ ስላይድ ሌላም ጸጋ አለው፤ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ወባ ተብሎ በተላከ ደም ውስጥ ባለሙያው የተጠማዘዘ ሐምራዊ ክር ሊያይ ይችላል፤ ይህ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈውና እያገረሸ የሚመላለሰው ትኩሳት ባክቴሪያ ነው። ካላዛር የተባለው በሽታ በሚገኝባቸው በሁመራና በመተማ አካባቢ ደግሞ ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ የተቀዳ ናሙና በዚያው ጊምሳ ተቀልሞ ተሕዋሲው ይፈለጋል። ፈጣን መመርመሪያ የሚመልሰው የተሠራለትን አንድ ጥያቄ ነው። ስላይድ ግን ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ የሚያየው ዓይን የሠለጠነ እስከሆነ ድረስ።

ስለዚህ ለትውልድ መንደሩ ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ ለመለገስ ያሰበ በአገር ቤትም በውጭም ያለ ወገን ካለ፣ አብሮ የሚጠይቀው ነገር አለ። ጊምሳው በየጊዜው ይደርሳል ወይ? ሜታኖል፣ ፒኤች ማስተካከያ፣ ማጣሪያ ወረቀትና ንጹሕ ስላይድ አለ ወይ? ባለሙያው በየጊዜው የማሻሻያ ሥልጠና ያገኛል ወይ? እነዚህ ከሌሉ ውዱ መሣሪያ የሚያጎላው ባዶ ብርሃን ነው።

ለአንባቢ ደግሞ አንድ ቃል። ትኩሳት ሲይዝዎ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ይመርመሩ፤ ውጤቱ እስኪደርስም ይታገሱ። ወባ ነው ከተባሉ የትኛው ወባ እንደሆነ ይጠይቁ። ቫይቫክስ ከሆነና ሐኪሙ ፕሪማኩዊን ካዘዘልዎ፣ ትኩሳቱ ቢለቅዎትም ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይውሰዱት።